ያልሮጠው ድኩላ

ዘንድሮ የቅበላ ሰሞን አብራኝ የምታስተምር አንዲት ጓደኛዬ በላስቲክ የጠቀለለችውን ቋንጣ ይዛልኝ መጣች። ቤተሰቦቿ ከገጠር የላኩላት ነው። አመሰግናለሁ ከማለቴ በፊት "ሲታረድ ቆሞ ነበር?" ብዬ ጠየቅኋት። ደነገጠች። "ምኑ?" አለችኝ። "ከብቱ ነዋ! በእግሩ ሄዶ ነው የታረደው ወይስ ወድቆ ነው የደረሱበት?" አልኳት። ቅር ብሏት ሄደች። በማግስቱ ይቅርታ ጠይቄ ነገሩን ከሥሩ አጫወትኳት። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ የገጠር ልጆች ሳትቀየሙ ትሰሙኛላችሁ ብዬ ለእናንተም ልንገራችሁ።

ያደግኩት ከቦንጋ ወጣ ብሎ በማንኪራ በኩል ነው። ቤታችንንና ጫካውን የሚለያቸው አንድ ረድፍ እንሰት ብቻ ነበር። ጦጣ ጓሯችን ገብታ በቆሎ ትሰርቃለች፤ እኛም ጫካዋ ገብተን እንጆሪ እንለቅማለን። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ልጅ ነበርኩ። ክፍል ውስጥ እግሬ ከወንበሩ ሥር ይወራጫል፤ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እናቴ ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛኝ ነው የምትቆመው። አባቴ ግን ይህ ጠባዬ ደስ ይለዋል መሰለኝ፣ ወደ ጫካ ሲወጣ "ዘነቡ፣ ነይ" ይለኝ ነበር።

አባቴ አለሙ ንብ አናቢ ነበር፤ በሰፈሩ የሚታወቀው ግን በጦሩ ነው። ሰው አብዝቶ ያወድሰዋል፤ እሱም መወደስ ይወዳል። ከጎኑ የማይለየው ጋሽ ቆጭቶ የሚባል የልጅነት ጓደኛው ነው። ጋሽ ቆጭቶ ቃል የሚያወጣው ከስንት አንዴ ነው። አባቴ የጣለውን እንስሳ ቆዳውን የሚገፈው፣ ብልት በብልት የሚያወጣው እሱ ነበር።

ያን ቅዳሜ ሁለቱ ቀፎ ሊያዩ ሲወጡ ተከተልኳቸው። ከጥቂት ቀን በፊት ካፊያ ጥሎ ስለነበር ቡናው አብቦ ጫካው በሙሉ በመዓዛው ታውዷል፤ የረገጥነው የኮረሪማ ቅጠል ደግሞ እግራችን ላይ ጠረኑን ይተዋል። ወንዙ ዳር ስንደርስ ውሾቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። አልጮሁም። አንደኛው እንዲያውም ጭራውን ቀብሮ ወደ ኋላ አለ።

አንድ ትልቅ ወንድ ድኩላ በጎኑ ተኝቷል። ሲያየን ራሱን ቀና ሊያደርግ ሞከረና አቃተው። ሆዱ ተነፍቷል፤ ካፍንጫው ደም የቀላቀለ አረፋ ይወጣል።

"ተወው አለሙ፣ ይሄ ደህና አይደለም" አለ ጋሽ ቆጭቶ።

"ምን ይሆናል? ነብር አሯሩጦት ደክሞት ነው። ለቅበላ ሳምንት ነው የቀረው፤ ጎረቤቱ ሁሉ እኔን አይደል የሚያየው?" አለ አባቴ።

ከዚያ ጦሩን ሰካበት። ወረወረው አልልም፤ ተጠግቶ ሰካበት። የወጣው ደም እንደ ሬንጅ ጥቁር ነበር። ድንጋይ ላይ የፈሰሰውን ቁጭ ብዬ ሳየው እንደ ሌላ ጊዜው አይረጋም፣ ዝም ብሎ ይወርዳል። ጋሽ ቆጭቶ ጠዋት እሾህ የቧጨረው ክንዱ እስከ ክርኑ ደም በደም ሆኖ ገፈፈው። አንጀቱን እዚያው ወንዙ ዳር ጣሉት። ልንነሳ ስንል አባቴ ትከሻዬን ያዘኝ።

"ሲሮጥ ነው የወጋሁት። ገባሽ? ተኝቶ አገኘው ከተባለ አዳኝ ሳይሆን ጅብ ነው የሚሉኝ።"

ሰፈር ስንደርስ እልልታ ሆነ። ሥጋው ለየጎረቤቱ ተከፋፈለ። ከፊሉን ቅዳሜና እሑድ ቀቅለው በሉት፤ የቀረውን ለመጨረሻው እሑድ ቅበላ ብለው ዘልዝለው ከእሳቱ በላይ ሰቀሉት። ቆዳው ደጃችን ላይ በችካል ተወጠረ። አባቴ ወሬውን ጀመረ። መጀመሪያ ድኩላው የሮጠው አንድ ዳገት ነበር። እሑድ ማታ ላይ ሁለት ዳገትና አንድ ገደል ሆነ። ያ ጭራውን የቀበረው ውሻ እንኳ ጀግና ተደርጎ ተወራለት። እኔ መስማት አልቻልኩም፤ አባቴ አፉን በከፈተ ቁጥር ተነስቼ እወጣ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ጋሽ ቆጭቶ ክንዱን ሲያክ አየሁት። ትንኝ የነከሰችው የምታህል ነገር ናት። "ሸረሪት ሸንቶበት ነው" አሉና ቅቤ ቀቡት። ረቡዕ ውኃ ቋጠረ። ሐሙስ ጠዋት መሐሉ እንደ ከሰል ጠቁሮ ዙሪያው አብጦ፣ እብጠቱ ከክርኑ አልፎ ነበር። ሰውነቱም በትኩሳት ተቃጥሏል። አባቴ ፊቱ ተለዋወጠ። ቦንጋ እንውሰደው አለ፤ እኔንም ጠራኝ። አክስቴ ዘንድ ቦንጋ ተቀምጬ ሁለት ዓመት ስለተማርኩ አማርኛ እችላለሁ። እነሱ ግን ከካፊኖኖ ሌላ ብዙም አያውቁም፤ ጥቂት የገበያ አማርኛ ነው ያላቸው።

ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበሉን መሀል አገር የተወለዱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ቁስል የሚያጥቡ፣ መርፌ የሚወጉ ድሬሰር ነበሩ፤ ሰው ሁሉ ግን ዶክተር ይላቸዋል። ክንዱን ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት፤ በጣታቸው ዙሪያውን ጫን ጫን አደረጉት።

"ያመዋል ወይ በዪው።"

ጠየቅኩት። "አያምም ይላል፤ ያሳክከኛል ነው የሚለው" አልኳቸው።

እጃቸውን ሰበሰቡ። ሄደው በሳሙና ታጠቡና ተመለሱ። "የታመመ ወይም የሞተ እንስሳ ነክቷል? የዱርም ቢሆን፣ የቤትም ቢሆን።"

ይህችን አባቴ ራሱ ሰምቷታል። እኔን እያየ በካፊኖኖ "ድኩላ ነበር፣ ጤነኛ። ሲሮጥ ነው የወጋሁት በያቸው" አለኝ።

ጋሽ ቆጭቶን አየሁት። እሱ ወለሉን ነው የሚያየው። ላብ ፊቱ ላይ ይወርዳል። በዚያች ሰዓት ቢጠየቅም የጓደኛውን ቃል እንደማያጥፍ ገባኝ፤ ክንዱ ተበልቶ ቢያልቅም አያጥፍም። የኔ እግር ደግሞ እንደ ልማዱ ይወራጫል።

"ድኩላ ነበር ይላል" አልኩ በአማርኛ። "አልሮጠም። ተኝቶ ነበር። መነሳት አቅቶት ነበር።"

አባቴ የገበያ አማርኛውም ቢሆን ለዚች አላነሰውም። ዞሮ አየኝና ወዲያው ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

"ደሙስ? አይተሻል?"

"ጥቁር ነው። አልረጋም።"

"አባ ሰንጋ ነው" አሉ ሰውየው። መርፌውን እያዘጋጁ መናገራቸውን አላቋረጡም፤ እኔም እየተከታተልኩ ወደ ካፊኖኖ እመልሳለሁ። ወድቆ የተገኘ እንስሳ አይከፈትም፣ አይገፈፍም አሉ። ደሙ በትንሽ ጭረት ይገባል። ማፍላት ላያጠፋው ይችላል፤ ማድረቅማ ጭራሽ አያጠፋውም። ቆዳውም ሥጋውም ተቃጥሎ አመዱ በጥልቅ ይቀበር፤ የበላም የነካም ሰው አንድ በአንድ እዚህ ይምጣ። ከዚያ "ሥጋው ማን ማን ቤት ነው ያለው?" አሉኝ። ስም ጠራሁ። ጠርቼ ስጨርስ ሰባት ቤት ሆነ።

ጋሽ ቆጭቶ እዚያው ቀረ። እኔና አባቴ ያን ሁሉ መንገድ ስንመለስ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ፊት ፊት ይሄዳል፤ እኔ ከኋላው እሮጣለሁ። ይመታኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር። ባይመታኝ ደግሞ የባሰ ሆነብኝ።

የመጀመሪያው ደጃፍ የእትዬ አስካለ ነበር። ባል የሞተባቸው፣ ሁሉን የሚያስቁ ሴት ናቸው። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ስለ ዝናቡ አወራ፤ እንደገና ጉሮሮውን ጠራረገ። ከዚያ "ዋሽቻችኋለሁ። ድኩላውን ወድቆ ነው ያገኘነው። ታሞ ነበር። ቆጭቶ ክንዱ ጠቁሮ ቦንጋ ተኝቷል። ሥጋውን ስጡኝ" አለ። በቀሩት ስድስት ቤቶችም ይህንኑ ተናገረ። አንዱ ሰደበው። አንዱ ሳቀበት። ሴቶቹ ልጆቻቸውን እየጠሩ መዳፍና ክንዳቸውን ያገላብጣሉ። እሱ ሥጋውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ከቆዳው ጋር አቃጠለው።

የእትዬ አስካለ ሥጋ ግን ቤታቸው አልነበረም። ረቡዕ ዕለት ወንድ ልጃቸውን አስይዘው ለሴት ልጃቸው አማቶች ልከውታል፤ ከዋጫ ወዲያ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ። ስልክ የለም። እሑድ ደግሞ ቅበላ ነው። እትዬ አስካለ ይህን ሲሉ የወትሮው ሳቃቸው ጠፍቶ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነበር። "ልጄ እርጉዝ ናት" አሉ።

አባቴ ዓርብ ጎህ ሳይቀድ ወጣ። ቦንጋ ላይ አይሱዙ ካገኘ ዋጫ ይደርሳል፤ ካላገኘ በእግሩ። ያን ዓርብና ቅዳሜ እንዴት እንዳለፉ ልነግራችሁ አልችልም። የተወጠረውን ቆዳ በመዳፌ ዳብሼው ስለነበር ክፍል ውስጥ ሆኜ እጄን ከዴስኩ ሥር ደጋግሜ አያለሁ። ትንሽ ያሳከከኝ እንደሆነ ወደ ብርሃን አውጥቼ አገላብጠዋለሁ። እናቴ እኛን ልጆቿን በየሰዓቱ ግንባራችንን ትነካለች፤ እሷም አትቀመጥም። ወደ መንገዱ ወጥቼ አያለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ የእትዬ አስካለ በሬ ወንዙ ዳር ወድቆ ተገኘ። አንጀቱን ከጣሉበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ከብት ወድቆ ሲገኝ እንደተለመደው ሰው ቢላና ቅርጫት ይዞ ወረደ። በሬው የሰባ ነው፤ በማግስቱ ደግሞ ቅበላ። እናቴ ሮጣ ወርዳ በሬውና በሰዎቹ መካከል ቆመች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት "ማንም አይነካውም!" ብላ ስትጮኽ ያን ቀን ሰማኋት። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ባሏ ያመጣውን ጣጣ የሚያስታውሷትም ነበሩ። ሁሉም ወደ እትዬ አስካለ ዞሩ፣ በሬው የሳቸው ነውና። አንድ በሬ ነው የነበራቸው። በሬውን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ "ቅበሩት፣ ከነቆዳው" አሉና ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ወንዶቹ እስኪመሽ ቆፈሩ። እሑድ ሰፈራችን ጎመን በልቶ ቅበላን ተቀበለ።

አባቴ ሌሊት ተነስቶ፣ ከዋጫ አይሱዙ አግኝቶ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። እትዬ አስካለ ከሩቅ አይተውት ለመጠየቅ ፈርተው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። "አልበሉትም" አለ ገና ሳይደርስ። ቅዳሜ ማታ ሲገባ ሥጋው ምድጃው ላይ እንደተሰቀለ ነበር። የቤቱ ሽማግሌ፣ ሰው የላከልንን ሥጋ ሊነጥቀን የመጣ ሌባ ነው ብለው ዱላ አንሥተውበታል። እንደገና ከመጀመሪያው፣ በማያውቁት ሰዎች ፊት፣ ዋሽቼ ነበር እያለ አስረድቶ ዐይናቸው እያየ አቃጥሎታል። እትዬ አስካለ መሬቱ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ጋሽ ቆጭቶ ሳምንት ሙሉ መርፌ ተወግቶ ዳነ። ክንዱ ላይ የጎደጎደ ጠባሳ ቀረ፤ ጣቶቹም እንደ ቀድሞው አይጨብጡም። የበሉትና የነኩት ሁሉ ቦንጋ ሄደው ታዩ፤ ከሰፈሩ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ሆዱን ታሞ ታክሞ ተሻለው። ለእትዬ አስካለ አባቴ ሦስት ዓመት ሙሉ በራሱ በሬዎች አረሰላቸው። ከዚያ ወዲያ ወደ ጫካ የገባው ለማር ብቻ ነው።

ዛሬ ብዙ ነገር ተለውጧል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ከብቱም ይከተባል። ከማንኪራ ዋጫ ለመድረስ ሁለት ቀን የፈጀው ወሬ አሁን በስልክ ከአፍ ሳይወጣ ይደርሳል። ሆኖም ወድቆ የተገኘ እንስሳ ላይ ቢላ የሚያነሳ ሰው ዛሬም አይጠፋም፤ አፍሮ ዝም የሚልም አይጠፋም። እኔም ቅበላ በደረሰ ቁጥር እረፍት የለኝም።

አባቴ አሁን ሸምግሎ ቦንጋ እኔ ዘንድ ነው የሚኖረው። አምና ጋሽ ቆጭቶ በእርጅና አርፎ ከለቅሶው ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ስለ ክሊኒኩ መንገድ አውርተን አናውቅም። እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም፤ "አባዬ፣ ያኔ ከክሊኒኩ ስንመለስ በጣም ተናደህብኝ ነበር አይደል?" አልኩት።

ዞሮ አየኝ። "በአንቺ?" አለ። "ልጄ፣ ዐይንሽን ማየት አፍሬ ነው እንጂ። ወንድሜን ልቀብረው ነበር፤ አንቺ ነሽ ያተረፍሽልኝ። ስንመለስ በየርምጃው ላመሰግንሽ እያልኩ ቃሉ አጠረኝ።"

ይህን ሳላውቅ ስንት ዘመን ኖርኩ! ያን ቀን ከኋላው ስሮጥ ይመታኛል እያልኩ ነበር፤ አሁን ግን እርምጃው አጥሯል፣ ከባጃጁ ስንወርድ ክንዴን ያዘኝ፤ እኔም ላንዴ እንኳ ሳልቸኩል በሱ ልክ ሄድኩ።