የማይቀጠፈው በሶብላ

ዛሬ ቆቦ ገበያ በሶብላ ስገዛ ሻጯ አሽታ አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ። አጠገቤ የነበረችው ጎረቤቴ፣ ደጃፍሽ ላይ ሞልቶ የለ እንዴ ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፣ ሞልቷል። እሱ ግን አይቀጠፍም።

ልጅ ሳለሁ ከአጥራችን ማዶ አንድ ሕንዳዊ የሒሳብ መምህር ከሚስቱና ከሴት ልጁ ጋር ይኖር ነበር። ልጅቷ እኩያዬ ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ አይለይም። እናቷ ግን እናቴን "አንተ ደህና አደርክ?" ነበር የምትላት። እናቴም ሳትስቅ "ደህና ነኝ፣ አንተስ?" ትላታለች።

ሴትዮዋ ጠዋት ጠዋት ገላዋን ታጥባ፣ በዘይት ቆርቆሮ የተከለችውን በሶብላ ውኃ ታጠጣለች። ከዚያ እየዞረችው ትጸልያለች፤ ልጅቷም ከኋላዋ ትዞራለች። በአገሯ ቱልሲ የሚሉት ቅዱስ ተክል አለ፤ የኛን በሶብላ ስታሸተው እሱን ያገኘች ያህል ደስ ብሏት ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ሥሩ በቅቤ የራሰ የጥጥ ክር ታበራለች። ይህን የማውቀው ግቢያቸው ስጫወት ስለምውል ነው፤ እናቴ አታውቅም።

አንድ ክረምት ሴትዮዋ ሕመም ጠናባትና ባሏ አዲስ አበባ ለሕክምና ወሰዳት። ልጅቷ እኛ ዘንድ ቀረች፤ ቆርቆሮውም አብሯት መጣ። እናቷ የነገረቻት ይህን ብቻ ነበር፤ ጠዋት ውኃ፣ ማታ መብራት።

በዚያው ቀን ልጅቷ አልበላ አለች። እናቴ አንጀቷ አልችል ብሎ፣ እኛ ውኃ ልንቀዳ ስንወጣ ያንን የለመለመ በሶብላ እስከ ግንዱ ቀጥፋ ሽሮው ውስጥ ጨመረችው። ስንመለስ ሽታው ግቢውን ሞልቶታል። ልጅቷ ቆርቆሮውን አየችና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

"እናቴ አትመለስም በቃ" አለች።

ተክሉ የሚጸለይበት መሆኑን ለእናቴ ነገርኳት። ማማሰያውን ጥላ ልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች።

"አፉ በይኝ ልጄ፤ ለሽሮ የተተከለ መስሎኝ ነው። ሥሩ አለ፣ አብሽሪ።"

ያን ማታ ጥጡን ያሾረችላትም ቅቤውን የሰጠቻትም እናቴ ናት። እሷ መግሪብ ሰግዳ ስትወጣ ልጅቷ ባዶው ግንድ ሥር መብራቷን አብርታ፣ እናቷ ያስተማረቻትን ጸሎት አንድ ቃል ሳትዘል ትደግም ነበር። አላህ ዘንድ ወንጀል እንዳይሆንብን ፈርቼ እናቴን በጆሮዋ ጠየቅኳት።

"እኔ የምሰግደው ለአላህ ነው" አለችኝ። "ይሄ የእናቷ አደራ ነው።"

ልጅቷ አንድም ማታ አላሳለፈችም። ግንዱ አቆጠቆጠ። ሴትዮዋም ከስታ፣ ግን በእግሯ እየሄደች ተመለሰች። ልጇ ሁሉንም ስትነግራት ወደ እናቴ ዞረችና "ሽሮው ጣፈጠህ?" አለቻት። እናቴ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

አገራቸው ሊገቡ ሲነሱ ቆርቆሮውን ለእናቴ ትተውላት ሄዱ። እሷም እስክትሞት ድረስ ከደጇ አንድ ቅጠል ሳትነካ ለሽሮዋ ከገበያ ትገዛ ነበር። ዘሩን አሁን እኔ ይዤዋለሁ።

ልጅቷ የት እንዳለች አላውቅም። ማታ ማታ መብራቷን እንደምታበራ ግን እርግጠኛ ነኝ፤ እናቷ ያስለመደቻትን አይቻለሁና። እኔም እናቴ ያስለመደችኝን ይኸው በፌስታል ይዤ ገባሁ።