የዶክተር ቢራ ለምን ጠቆረ

ጋራዥ ውስጥ «ዶክተር» የሚሉት ወደው አይደለም። የሞተር ድምፅ አዳምጦ በሽታውን ይናገራል፤ ሳይፈትሽ ግን አንዲት ብሎን አይቀይርም። «ዕቃ በግምት አይወነጀልም!» እያለ ስንቱን ጀማሪ አሳቅቋል መሰላችሁ። እንግዲህ ይህ ሰው ነው በገዛ ሳሎኑ ጉድ የሆነው።

ዶክተር በትርፍ ጊዜው ቤቱ ውስጥ ቢራ ይጠምቃል። ጠርሙስ የሚያጥቡለት ደግሞ አማቱ ናቸው። ሴትዮዋ የራሳቸውን ቤት ዘግተው ልጃቸው ጋ ከገቡ ወዲህ፣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ጭንቅ ሆኖባቸው ነበር። ልጃቸው ማንኪያ ሲያነሱ እንኳ «አርፈሽ ተቀመጪ» ትላቸዋለች። የጠርሙሱ ሥራ ሲሰጣቸው ግን ነፍስ ዘሩ። እያንዳንዷን ጠርሙስ በብሩሽ አሽተው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው ካላዩ አይለቋትም። ለጎረቤት ሁሉ «እኔም በዚህ ቤት ሥራ አለኝ» ይሉ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ዶክተር የጋራዥ ጓደኞቹን ጋበዘ። ቆርኪው ተከፈተ፣ ተቀዳ። ሲታሸግ ወርቅ የመሰለው ቢራ ሻይ መስሎ ወጣ! የጋራዡ አለቃ አንድ ጉንጭ ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ።

«ዶክተር፣ ቢራ ነው ወይስ ካርቶን ዘፍዝፈህ ነው ያጠጣኸን?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዶክተር የሚገባበት ጠፋው። ያኔ ነው ምላሱ ያመለጠው።

«ምን ላድርግ፣ አማቴ ናቸው እኮ! በሳሙና አጥበው በደንብ አያለቀልቁትም።»

ሴትዮዋ ብርጭቆ በትሪ ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

በማግስቱ እራት ላይ ለልጃቸው፣ «ወንድምሽ መጥቶ ይውሰደኝ። ከእንግዲህ እዚህ ምን ሥራ አለኝ?» አሏት። ሚስቱ ዞር ብላ አየችው። ዶክተር ያነሳውን ጉርሻ መልሶ አኖረው።

ሰኞ ጠዋት እሳቸው ሻንጣ ሲያሰናዱ፣ ዶክተር ጓዳ ገብቶ መጀመሪያ ማድረግ የነበረበትን አደረገ፤ ፈተሸ። እሳቸው ያጠቡትን ከፍቶ ቀመሰ። ካርቶን። ጠርሙስ ቢያንሰው ከሱቅ ገዝቶ ራሱ የሞላው፣ እጃቸው ጨርሶ ያልነካው አንድ አዲስ ጠርሙስ ነበር፤ እሱንም ከፈተ። ያው ካርቶን፣ ያው ሻይ! ሲሞላ መጨረሻ ላይ ቢራ አልቆበት ግማሹ ባዶ የቀረውን ደግሞ አየ። እሱማ ከሁሉ ብሶ ጠቁሯል። ብዙ አየር የታሸገበት ጠርሙስ እሱ ነው፤ አየር የገባበት ቢራ ደግሞ ይጠቁራል፣ ካርቶን ካርቶን ይላል።

ከመጥመቂያው በርሜል በቱቦ ቀስ እያለ ከጠርሙሱ ሥር መሙላት ሲገባው፣ ቱቦ ማጠብ ሰልችቶት በጆግ ከላይ እያንዶቀዶቀ ነበር የቀዳው፤ አረፋውን እያየ፣ ደስ እያለው። ቢራውን ያበላሸው አየሩ ነው፣ አየሩን ያስገባው ደግሞ የገዛ እጁ።

አይ ዶክተር! ለአሮጌ ካርቡራተር የማይነፍገውን ፍርድ ለእኚህ እናት ነፈጋቸው። ወደ ክፍላቸው ሄደ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። በጆግ ስገለብጥ አየር አስገብቼበት ነው እንጂ፣ የእርስዎ ሳሙና ምንም አላደረገም።»

«የምን ሳሙና?» አሉ ሹራባቸውን እያጣጠፉ። «ሳሙና አረፋውን ይገድላል፣ የፈላ ውሃ ብቻ ያልከኝ አንተ አይደለህ? አንድም ቀን ሳሙና አስነክቼ አላውቅም።»

ዶክተር ሻንጣው አጠገብ ቁጭ አለ። «ታዲያ... ያን ዕለት ለምን አልተናገሩም?»

«ጓደኞችህ ፊት ላዋርድህ ልጄ?»

በጥፊ ቢመቱት ይሻለው ነበር። ውጭ የወንድ ልጃቸው መኪና ጥሩምባ ነፋ።

«እንደገና እጠራቸዋለሁ» አለ ዶክተር። «እነሱው ፊት እናገራለሁ። ብቻ አይሂዱብኝ!»

«አንተ ጥራቸው፣ ያኔ እመጣለሁ።»

ሻንጣውን ተሸክሞ ተከተላቸው። ማድቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ብሩሹን ከተሰቀለበት አውርደው እጁ ላይ አኖሩለት።

«እስከዚያው አንተ እጠብ» አሉት። «ሳሙና እንዳታስነካው።»