በብሎን የታሰሩት ስምንት መጻሕፍት

ችግሩ ይህ ነበር፦ ስልሳ አራት የአንደኛ ክፍል ልጆች፣ ስምንት የንባብ መጻሕፍት። መምህርቷ ዓመቱ ሳያልቅ ሁሉንም አንባቢ ማድረግ ነበረባት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስላስተማረች እንዲህ ያለ ሒሳብ አያስደነግጣትም። ስምንት ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው ዙሪያ ስምንት ልጅ፣ መሐል ላይ አንድ መጽሐፍ። ተካፈለ፣ ቀሪ የለውም።

ቀሪውን ያመጡት አባ ቁልፍ ናቸው። አባ ቁልፍ የትምህርት ቤቱ ንብረት ኃላፊ ሲሆኑ፣ ወገባቸው ላይ ከሚንሿሹት ሃያ ሦስት ቁልፎች አሥራ አራቱ የምን እንደሆኑ እሳቸውም አያውቁም። ባለፈው ዓመት ሁለት መጻሕፍት ጠፍተው ስለነበር አንድ ጥያቄ ራሳቸውን ጠየቁ፦ ከዚህ ግቢ ጠፍቶ የማያውቅ ዕቃ ምንድን ነው? ጠረጴዛ። እንግዲያው መጽሐፍም ጠረጴዛ ይሁን! በየመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ሁለት ሁለት ብሎን አስገብተው ከጠረጴዛው ጋር አሰሩት። ገጹ ይገለጣል፤ መጽሐፉ ግን አይነሳም፣ አይዞርም፣ አይሰረቅም። በመዝገባቸውም ላይ «ጠረጴዛ ከነመጽሐፉ» ብለው ጻፉ።

አሁን አንዱን ጠረጴዛ ከላይ ሆነን እንየው። አራት ማዕዘን ነው፤ በየጎኑ ሁለት ልጅ ተቀምጧል። ከመጽሐፉ ግርጌ ያሉት ሁለቱ ፊደሉን ቆሞ ያዩታል። ከራስጌ ያሉት ተዘቅዝቆ፣ ከግራና ከቀኝ ያሉት ደግሞ ተጋድሞ። ስም የሚጠራው በመቀመጫ ቁጥር ስለሆነ ማንም ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ጥቁር ሰሌዳው ከማርጀቱ የተነሳ ጠመኔ አይቀበልም፤ ስለዚህ ልጆቹ ፊደል የሚያዩት እዚያ መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው። ልጅ ደግሞ ፊደል በየት በኩል እንደሚቆም አውቆ አይወለድም፤ ያሳዩትን ይወስዳል። እነሱም ወሰዱ! ሁሉም በየአቅጣጫው ማንበብ ቻለ። መምህርቷ በጠረጴዛዎቹ መሐል እየተዘዋወረች በጆሮዋ ትከታተል ነበር፤ ጆሮ ደግሞ የቆመና የተዘቀዘቀ ፊደል አይለይም።

ነገሩ የታወቀው ሱፐርቫይዘሩ ሊፈትን የመጣ ዕለት ነው። በአንድ ደቂቃ መነበብ ያለባቸው ሠላሳ ቃላት የተጻፉበት ወረቀትና ሰዓት ይዞ ተቀመጠ። መጀመሪያ የተጠራችው አንድ ቦታ መቆም የማይሆንላት፣ ጓደኞቿ ፌንጣ የሚሏት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ወረቀቱን ተቀበለች፣ ዘቀዘቀችው፣ ውኃ እንደ መጠጣት ማንበብ ጀመረች።

«ቆይ፣ ቆይ። ወረቀቱን ዘቅዝቀሽዋል፣ የኔ ልጅ።»

«አይ ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት ዘቅዝቀው የሰጡኝ።»

ሱፐርቫይዘሩ ወረቀቱን ነጥቆ በሁለት እጁ ቀጥ አድርጎ ያዘላት። ፌንጣ ጥቂት አሰበችና ጀርባዋን ሰጠችው፤ ጎንበስ ብላ በእግሮቿ መሐል እያየች ካቆመችበት ቀጠለች። አንድም ቃል አልሳተችም።

ሲመሽ ቅጹ ተሞላ። ቅጹ ላይ ያለው «ያነባል» እና «አያነብም» ብቻ ነው፤ ከግርጌው «ወረቀቱን በትክክል ይዞ» ይላል። አሥራ ስድስት ልጆች ያነባሉ፣ አርባ ስምንት አያነቡም። የማያነብ ክፍል ይደግማል።

«ሲያነቡ ሰምተዋል እኮ!» አለች መምህርቷ።

«እኔ ሰምቻለሁ» አለ ሱፐርቫይዘሩ በሐዘን፤ «ቅጹ ግን አልሰማም። ከወር በኋላ እመለሳለሁ፤ ያኔ የመጨረሻ ነው።»

አርባ ስምንት ደጋሚና ስልሳ አራት አዲስ ገቢ ሲደመር መቶ አሥራ ሁለት ይሆናል። መምህርቷን ያንገበገባት ግን ቁጥሩ አልነበረም። በሩ ላይ ፌንጣ የመምህርቷን ቀሚስ ይዛ «ቲቸር፣ እኔ አላነብም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

መምህርቷ በቀጥታ ወደ ንብረት ክፍል ሄደች።

«ጋሼ፣ ብሎኑን ይፍቱልኝ።»

«ምን አጥፍቶ?»

«መጽሐፉ መዞር አለበት።»

«መጽሐፍ ይነበባል እንጂ ይዞራል እንዴ? ደግሞስ መጽሐፉን መፍታት የጠረጴዛውን እግር እንደ መንቀል ነው። ኮሚቴ ይፈልጋል።»

«ኮሚቴው እነማን ናቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ይሰብሰቡልኛ!»

አባ ቁልፍ ግራና ቀኛቸውን ተመለከቱ። «ምልዓተ ጉባኤው አልሞላም» አሉ።

የመምህርቷ ባል የማስታወቂያ ጽሑፍ ሠሪ ነው። ስታገኘው አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ ቆሞ መስታወቱ ላይ ይጽፍ ነበር፤ ከመንገድ የሚያልፍ ሰው በትክክል እንዲያነበው፣ እሱ ከውስጥ ሆኖ ገልብጦ ነው የሚጽፈው። ጉዳዩን ስትነግረው ብሩሹን እንደያዘ ሳቀ።

«ሃያ ዓመት ገልብጬ ስጽፍ መጻፍ አትችልም ያለኝ የለም፤ አንባቢዎቼ ውጭ ናቸዋ! ልጆቹን ተያቸው፣ ምንም አልሆኑም።»

«እነሱማ ምንም አልሆኑም፤ መጽሐፉ ነው አልዞር ያለኝ።»

«እኔ ከባድ ሰሌዳ አልዞር ሲለኝ መቆሚያውን ነው የማዞረው።»

«ጠረጴዛውን!» ብላ ጮኸች። ፀጉር የሚስተካከለው ሰውዬ ደንግጦ ጆሮውን ሊያስቆርጥ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ስምንቱም ጠረጴዛዎች ሩብ ዙር ዞሩ። አባ ቁልፍ መዝገባቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ፣ ገልጠው አነበቡ፦ «ጠረጴዛ፣ እግሩ አራት፣ ከነመጽሐፉ።»

«በየት በኩል እንደሚዞር ተጽፏል?» አለቻቸው።

«አልተጻፈም» አሉ፤ ፊታቸው ጠቆረ። «እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ያመልጠኛል!»

የመጀመሪያው ሳምንት ትርምስ ነበር። እስከዚያ ድረስ ግርጌ ተቀምጦ ሲኮራ የኖረ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ መጽሐፉ ታሟል፣ ተኝቷል» አለ። ነገር ግን ዘዴው የሚሠራው ለምን እንደሆነ ልብ በሉ! መጽሐፉ አንዱን ልጅ በየትኛውም በኩል ቢዞርበት፣ በየጠረጴዛው ያንን በኩል ከዱሮ ጀምሮ የሚያውቁ ሁለት ልጆች አሉ። እነሱ ያስረዱታል። በሚቀጥለው ሰኞ ጠረጴዛው እንደገና ሩብ ዙር ይዞርና መምህራኑ ተማሪ፣ ተማሪዎቹ መምህር ይሆናሉ። «ሀ» ሲዘቀዘቅ «በ»ን እንደሚመስል የደረሱበትም ራሳቸው ናቸው፤ ያን ቀን ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ።

አራት ሰኞ አለፈ። ሱፐርቫይዘሩ ተመለሰ።

ፌንጣ ወረቀቱን ቀጥ አድርጋ ያዘች። የመጀመሪያው ቃል ስድስት ሰከንድ ፈጀባት። አንገቷ ዘንበል ማለት ጀመረ። ልጅቷ አንገቷን በገዛ እጇ አቃናችና ቀጠለች። ሠላሳኛው ቃል ላይ ሰዓቱ ሃምሳ ሰባት ሰከንድ ይላል።

ከዚያ በኋላ የተጠሩት ግን «ጋሼ፣ በየት በኩል ላንብብልዎት?» ማለት ጀመሩ። ሱፐርቫይዘሩ ግራ ገብቶት ከአንዱ ጠረጴዛ ራስጌ ተቀምጦ እሱም ሞከረ። በደቂቃ አሥራ አንድ ቃል ብቻ አነበበ።

«አይዞዎት ጋሼ» አለችው ፌንጣ፤ «ክፍል ይደግማሉ እንጂ ምንም አይሆኑም።»

ስልሳ አራቱም «ያነባል» ተብለው ተጻፉ። እንዲህ ያለ ውጤት ስለማይታወቅ የበላይ መሥሪያ ቤቱ ምስጢሩን የሚያጣራ ቡድን ላከ። ቡድኑ ትምህርት ቤቱን ከሌሎች ጋር አነጻጽሮ አንድ ልዩነት ብቻ አገኘ፦ ብሎን። በሳምንቱ መጻሕፍት ሁሉ ከየጠረጴዛቸው ጋር እንዲታሰሩ ደብዳቤ ወጣ። አባ ቁልፍ አሠልጣኝ ሆነው በየትምህርት ቤቱ መዞር ጀመሩ።

መምህርቷም ዘወትር ቅዳሜ ዱካቸውን ትከተላለች። እሳቸው ያሰሩበት ትምህርት ቤት ትገባና ጠረጴዛ ማዞር ታስተምራለች። ዛሬ የደረሰችበት ትምህርት ቤት ደግሞ የጠረጴዛው እግር ወለሉ ውስጥ በሲሚንቶ ተቀብሯል።

«እዚህስ በቃ ተስፋ የለንም» አለች የክፍሉ መምህርት።

«ጠረጴዛው ካልዞረ ልጆቹ ይዞራሉ።»

«የመቀመጫ ቁጥር አላቸው እኮ።»

«ቁጥሩ የት ነው የተጻፈው?»

«አግዳሚው ላይ።»

«አግዳሚውስ ተቀብሯል?»

ሁለቱ ሴቶች ጎንበስ ብለው የአግዳሚውን ሥር አዩ፤ አልተቀበረም። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው፣ ትከሻቸውን አስደግፈው መግፋት ጀመሩ። እስካሁን አንድ ስንዝር ያህል ሄዶላቸዋል።