ተህዋስ ያልተገኘበት የልጄ ሕመም

ደብረ ማርቆስ፣ ሆስፒታል ላብራቶሪ በጽዳት የገባሁ ዕለት ኃላፊው አቶ ይበልጣል ጓንትና በረኪና ሰጡኝና፣ ያልታጠበ እጅ ፊት እንዳይነካ አስጠነቀቁኝ። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የተነገረኝን ግን እይዛለሁ።

ሥራዬ ወለል መወልወል፣ ስላይድ የሚሉትን የናሙና መስታወት ማጠብ፣ የሽንት ኩባያ ማስወገድ ነው። ከቁይ ከተማ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሽንታቸውን በአረቄ ጠርሙስ ይዘው መጡ። በእኛ ኩባያ እዚሁ ይስጡ ብላቸው፣ «እቱ፣ ያለኝን ይዤ መጣሁ፤ አሁን ከየት ልውለደው?» አሉኝ።

ከዚያ ልጄ ጥሩወርቅ ታመመች። ሽንቷ ያቃጥላታል፣ ቶሎ ቶሎ ያስወጣታል፤ ቅዳሴ መጨረስ አቃታት። መጀመሪያ እውነትም ተህዋስ ተገኝቶባት ታከመች። ሲመለስባት ግን ጎረቤት ያስተረፈውን እንክብል አስዋጥናት። እኛ ዘንድ መድኃኒት እንደ እርሾ ከቤት ቤት ይዋሳል። ሕመሙ በራሱ ጊዜ ጋብ ሲል እንክብሉ አዳናት እንላለን።

በኋላ ሽንቷን አስመረመርኩ። ካልቸር የሚሉት፣ ተህዋስ ይበቅል እንደሆን የሚጠበቅበት ምርመራ፣ ምንም አላበቀለም።

ባለቤቴ «እንግዲያ ሥራ ጠልታ ነው» አለ።

ጥሩወርቅ እንዳልሸና ብላ ውኃ መጠጣት ተወች። ከንፈሯ ሲሰነጠቅ ሳይ እንዳላጣት ፈራሁ።

አቶ ይበልጣልን ሽንቷን እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። በማይክሮስኮፑ አሳዩኝ፤ ክብ ክብ ነገር ሞልቷል። ነጭ የደም ሴሎች ናቸው፣ ሰውነት የሚጠበቀው በእነሱ ነው አሉኝ።

«ተህዋስ ከሌለ ምን ይሠራሉ?»

«ማማ ላይ የወጣ ጠባቂ፣ ዝንጀሮው ከሄደ በኋላም ወንጭፉን ካላቆመ ድንጋዩ የሚያርፈው እህሉ ላይ ነው።»

ባሕር ዳር ሆስፒታል ላኩን። የዚያው ሐኪም የሽንት ፊኛዋን በመሣሪያ አይታ ለምርመራ ቅንጣት ሥጋ ወሰደች። ውጤቱ ሲመጣ፣ ማስት የሚባሉ የመከላከያ ሴሎች የፊኛው ግድግዳ ውስጥ ተከማችተው የሚያስቆጣ ንጥረ ነገር እንደሚረጩ ነገረችን። ካንሰር አይደለም፤ ቶሎም አይለቅም። ማስታገሻ ሰጠቻት፣ በርበሬና ቡና እንድትቀንስ፣ ውኃ ግን እንዳትተው አዘዘች።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት።

«መቼ ይተዋታል ታዲያ?»

«አላውቅም» አልኩት።

በእሑዱ ቅዳሴ መሐል ጥሩወርቅ ልትወጣ ስትነሳ አንዲት ሴት፣ ይቺ ደግሞ ጀመረች ብላ አጉረመረመች። ባለቤቴ ከወንዶቹ በኩል ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጄ ታማለች፤ አሳልፏት» አለ። አሳለፏት።

የጽዳት ባልደረቦቼ፣ ቤታችሁም ይህ አይጠፋም። እንክብል አትዋሱ፤ አስመርምሩ። ተህዋስ የለም ማለት ሕመም የለም ማለት አይደለም።