ታጥቧል የተባለው ድንጋይ

ሥራ የጀመርኩት ጅማ መርካቶ አጠገብ በነበረ መስታወት ቤት ነው። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ጋሽ በቀለ አልማዝ የምንለውን የመስታወት መቁረጫ አሳዩኝና እንዳልነካው አስጠነቀቁኝ። ለእኔ የደረሰኝ አሮጌ ጋዜጣና ኮምጣጤ ነበር። ቀኑን ሙሉ መስታወት ስወለውል ውዬ፣ አውራ ጣቴን ቆርጬ ቤቴ ገባሁ። አልማዙን ለመያዝ ሰባት ወር ፈጀብኝ።

የዓሣ ገንዳ መሥራት የጀመርኩት በአጋጣሚ ነው። አንድ የጅሬን ሰው ለሳሎናቸው አዘዙኝ። ሲሊኮኑ ሳይደርቅ ውኃ ሞላሁበትና ምንጣፋቸውን አበላሸሁ። ሁለተኛው ገንዳ አልፈሰሰም። ከዚያ በኋላ አጋሮም ሰቃም እየተጠራሁ ሠርቻለሁ። ቀስ በቀስ ገንዳውን መገጣጠም ብቻ ሳይሆን ፓምፑን፣ ማጣሪያውንና ዓሣዎቹን መከታተልም የእኔ ሥራ ሆነ። ሁሉም ግን ጨው የማያውቁ የወንዝና የሐይቅ ዓሣዎች ነበሩ።

ሃጂ ከድር የቡና ነጋዴ ናቸው። አወቱ መንደራ ሰፈር ሆቴል ሲያሠሩ፣ ዱባይ ያዩትን ዓይነት የባሕር ዓሣ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ማየት ፈለጉ። ትችላለህ ወይ አሉኝ። እችላለሁ አልኳቸው። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሥራውን በስልክ ያስተማረኝ አዲስ አበባ የባሕር ዓሣ የሚሸጥ ሰው ነው። ከውጭ የሚመጣ ልዩ ጨው አለ፤ በተጣራ ውኃ ይበጠበጥና ልኩ በመለኪያ ይታያል። ከባሕር የወጣ ድንጋይም ያስፈልጋል፤ በውስጡ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ውኃውን ያጸዳሉ። ችግሩ ድንጋዩ ያልተጋበዙ እንግዶችንም ይዞ መምጣቱ ነው፤ ትል ይሁን፣ ሸርጣን ይሁን፣ ሌላም ይሁን አይታወቅም። ስለዚህ መጀመሪያ አርባ ቀን በሌላ ገንዳ ለብቻው ይቀመጣል። ከጉድጓዱ የሚወጣው ሲወጣ እየተለቀመ ይጣላል። ይህን ሁሉ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ አርባ ቀን የሚለውን እንዲያውም አሰመርኩበት።

ድንጋዩን ያመጣው የሃጂ ሾፌር ነው፤ ቡና አራግፎ ከጅቡቲ ሲመለስ። መንገድ ላይ ሳለ ደውዬ ንጹሕ መሆኑን ጠየቅኩት።

«አይዞህ፣ ታጥቧል» አለኝ።

ለጅማ ሰው ይህ ቀላል ቃል አይደለም። እዚህ ቡና ወይ ከነልጣጩ የደረቀ ጀንፈል ነው፣ ወይ የታጠበ ነው። የታጠበ ከተባለ ቀዩ ፍሬ ተለይቶ፣ ተፈልፍሎ፣ ጉድፉ ወጥቶለት፣ ማንም ፊት ቢቀርብ የማያሳፍር ሆኗል ማለት ነው። እኔም እንደዚያ ሰማሁት። ሾፌሩ ግን እንዳይደርቅ የባሕር ውኃ እያጠጣሁ አመጣሁት ማለቱ ነበር። ከደረሰ በኋላም ደግሜ አልጠየቅኩም። ድንጋዩ የገባው ረቡዕ፣ የሆቴሉ ምረቃ ቅዳሜ ነበር። አስቀድሜ ያዘጋጀሁት ውኃ ውስጥ በቀጥታ ከተትኩት።

ምረቃው አማረ። ከአዲስ አበባ የመጡት አምስት ብርቱካናማ ዓሣዎች ነጭ መቀነታቸውን ታጥቀው ሲዋኙ እንግዳው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ሲያነሳቸው አመሸ። ኮራሁ፤ አልዋሽም።

ያን ክፍል የምታጸዳው መኪያ ትባላለች፤ ሁለት ሴት ልጆችን ብቻዋን ታሳድግ ነበር። ሆቴል ከመግባቷ በፊት መጋዘን ውስጥ ቡና ለቃሚ ነበረችና ከዘንቢል ሙሉ ፍሬ መሃል ጥቁሯን የሚለይ ዓይን አላት። በሁለተኛው ሳምንት ድንጋዩ ውስጥ የሚያንኳኳ ነገር አለ አለችኝ። ፓምፑ ነው አልኳት።

«ሜ፣ ጆሮዎን እዚህ ያስጠጉ» አለችኝ፤ «ሜ» በኦሮምኛ እስቲ ማለት ነው።

አላስጠጋሁም። መስታወቱን እንዲያጸዱልኝ ካስገባኋቸው ቀንድ አውጣዎች የአንዱን የደቀቀ ቅርፊትም በጣቷ አሳየችኝ። ሲመጣ የተሰበረ ነው ብዬ አለፍኩት። የመስታወት ሰው ሆኜ የስብራት ነገር ከጽዳት ሠራተኛ አልማርም ብዬ መሆን አለበት።

ከዚያ አንድ ዓሣ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛው ጠፋ። ሬሳ የለም፣ አጥንት የለም። ሥራ አስኪያጁ ዓሣ ክንፍ አውጥቶ አይበርም አለ። ጠዋት በሩን ከፍታ ብቻዋን የምትገባው መኪያ ናት፤ ወስዳ ሸጣዋለች ብሎ ደመደመ። ሃጂ አስጠሩኝ። መኪያ መወልወያዋን እንደያዘች በሩ አጠገብ ቆማለች።

«ግርማ፣ ይህ ዓሣ ከዚህ ቢወሰድ ሌላ ቦታ ይኖራል?» አሉኝ።

አይኖርም። ጨው በሌለው ውኃ ሳይመሽ ይሞታል፤ በጅማ ዙሪያ ደግሞ ሌላ የባሕር ገንዳ እንደሌለ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ይህን ብናገር ግን ታዲያ የት ገባ የሚለው ጥያቄ ወደ እኔ ይዞራል። ደብተሬም፣ ያሰመርኩበት አርባ ቀንም ይመጣል።

«እንጃ ሃጂ፤ የሰው ነገር አይታወቅም» አልኩ።

መኪያ አየችኝ። በዚያው ቀን ተሰናበተች። የሥራ ልምድ ደብዳቤ አልተሰጣትም፤ ያለ ደብዳቤ፣ ያውም በሌብነት ከተጠረጠሩ በኋላ፣ ሌላ ሆቴል እንደማይቀጥር ሁላችንም እናውቃለን። እንቅልፍ አጣሁ ብዬ ልጽፍ እችል ነበር፤ ተኝቻለሁ።

በሳምንቱ ሦስተኛው ዓሣ ጠፋ። አሁን የሚጠረጠር ሰው የለም። ያን ጊዜ ጆሮዬን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ። ቀጭን፣ ደረቅ ምት ይሰማል፤ ፓምፑን አጠፋሁት፣ ምቱ አልቆመም። አዲስ አበባ ደወልኩ። ሰውየው ድንጋዩን አውጥተህ ጉድጓዱ ውስጥ ጋዝ ያለው ውኃ አፍስስ አለኝ። ድንጋዩን ባልዲ ውስጥ አቁሜ፣ ከሆቴሉ ቡና ቤት አንድ አምቦ ውኃ አስከፍቼ፣ በጉድጓዱ አንቆረቆርኩት።

ጣት የሚያህል አረንጓዴ ፍጥረት ወጣ። እንደ ሽሪምፕ ነው፤ የፊት እግሮቹን ግን ደረቱ ላይ አጥፏል። በእነዚያ እግሮች የባልዲውን ግድግዳ ሲመታው ሚስማር የሚመታ መዶሻ ይመስላል። ቀንድ አውጣውን ያደቀቀውም ዓሣዎቹን የበላውም እሱ ነው፤ ትርፍራፊውን ከድንጋዩ ጋር የገቡ ትሎች ጠርገዋል።

ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ሽንት ቤት ደፍቼው፣ ውኃውን አስተካክያለሁ ብዬ መሄድ እችል ነበር። ይህን ትንሽ አሰብኩበት። ከዚያ ማሰሮ በሚያህል የመስታወት ዕቃ ከተትኩትና ሃጂ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ያስገባሁት እኔ ነኝ አልኳቸው፤ አርባ ቀኑንም ነገርኳቸው።

ፍጥረቱን ብዙ አላዩትም። የጠየቁኝ፣ መኪያ እንዳልወሰደች መቼ አወቅህ ብለው ነው።

«ሲጠይቁኝ አውቅ ነበር» አልኩ።

«አስተግፊሩላህ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ዓሣውን አላህ ይተካዋል። ሴትዮዋን ግን አንተው ፈልገህ አምጣ» አሉኝ። የሥራ ልምድ ደብዳቤዋን አስጽፈው፣ ማኅተም አስመትተው ሰጡኝ።

ሰቃ አገኘኋት፤ መጋዘን ውስጥ ሴቶች መሃል ተቀምጣ ቡና ትለቅማለች። ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ውጭ ልጠራት ነበር። ግን ስሟ የጠፋው ሰው ፊት ነው ብዬ እዚያው፣ ሴቶቹ እየሰሙ ተናገርኩ። አፈርኩ። ሃጂ ወደ ሥራሽ ተመለሽ ማለታቸውንም ነገርኳት።

ደብዳቤውን እስከ ማኅተሙ ድረስ ቀስ ብላ አነበበችው።

«ወረቀቱን እወስዳለሁ፤ ለልጆቼ ስል» አለች። «ሃጂንም አመሰግናለሁ። ከእርስዎ ጋር ግን አንድ ክፍል ውስጥ አልሠራም።»

ወደ ቡናዋ ተመለሰች። ታክሲ እስኪሞላ ሰቃ መናኸሪያ ቁጭ አልኩ።

ሁለቱ የቀሩት ዓሣዎች ዛሬም አሉ። ሙያውን ለሚጀምሩ የምለው ይህን ነው። አዲስ ድንጋይ፣ ማንም ታጥቧል ቢላችሁ፣ አርባ ቀን ለብቻው ይቀመጥ። ስትጠየቁ ደግሞ የምታውቁትን በተጠየቃችሁበት ሰዓት ተናገሩ። እኔ በአንድ ወር ውስጥ በሁለቱም አጥፍቻለሁ፤ ማስተካከል የቻልኩት ድንጋዩን ብቻ ነው።