የልጄ ስም በስኮቶች መንገድ

ከቶሮንቶ በስተሰሜን ምዕራብ ባለው በዚያ የገበሬ ካውንቲ፣ የስኮትላንድ ዘር ያለው ሰው የት የት እንደሰፈረ ከእኔ አብልጦ የሚነግራችሁ አበሻ የለም። ይህን ስናገር አላፍርም። ትምህርት ቤት የረገጥሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛውንም፣ ካርታ ማንበቡንም፣ የናፍጣ ሞተር መፍታቱንም ራሴን ያስተማርሁት እኔው ነኝ። ለአንድ ዳቦ ቤት የጭነት መኪና እየነዳሁ፣ ከቶሮንቶው ሰፈር ከኖርዝ ዮርክ በማለዳ ተነስቼ የካውንቲውን ትንንሽ ከተሞች ለብዙ ዓመታት አዳርሻለሁ። ሌላው ሾፌር ሬዲዮ ሲሰማ እኔ የፖስታ ሳጥን አነብ ነበር።

በገጠሩ መንገድ፣ በየእርሻው መግቢያ፣ እንጨት ላይ የቆመ የፖስታ ሳጥን አለ። በላዩ የቤተሰቡ ስም ተጽፏል። እኔ ስሙን ሳይ የመጣበትን አገር ማወቅ ለመድሁ። በሰሜን፣ መሬቱ ከፍ ብሎ ድንጋይ በሚበዛበት፣ ከስኮትላንድ ተራራና ደሴት የመጡት አሉ። ወንዙን ተከትሎ ሲወረድ የስኮትላንድ ቆለኞች። ምሥራቁ አይሪሽ፣ ደቡቡ ጀርመን። ምሳዬን በቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ እየበላሁ የመቃብር ድንጋዩንም አነባለሁ፤ የሳጥኑና የድንጋዩ ስም አንድ ሲሆንልኝ ደስታዬ ሌላ ነበር። ትልቅ ካርታ ገዝቼ በባለቀለም እርሳስ ቀባሁት። ስኮቶቹን ሰማያዊ አደረግኋቸው። ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም አልከፈለኝም።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነበር፤ ጨዋታነቱ የቀረው ልጄ ያንን ካውንቲ ይዛብኝ ቤት ስትገባ ነው።

ልጄ አንድ ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። ፋርማሲ ተምራ በዚያው ካውንቲ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሥራ አገኘች። ጡረታ በወጣሁ ሰሞን አንድ ቅዳሜ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ፣

«አባዬ፣ አንድ ሰው አለ» አለችኝ።

«የት ያለ ሰው?»

«እዛው። ፋርም አላቸው። ሲሪየስ ነን።»

«በየትኛው መንገድ?»

«አባዬ! መጀመሪያ ስለ ልጁ አይጠየቅም?»

መንገዱንና የቤተሰቡን ስም ነገረችኝ። ካርታዬን አወረድሁ። ከጥግ እስከ ጥግ ሰማያዊ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ከዳር እስከ ዳር፣ በሁሉም ሳጥን ላይ፣ አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፤ የልጁ ቤተሰብ ስም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። እኛ ዘንድ ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እነዚህ ግን እርስ በርሳቸው ተጋብተው የሚኖሩ ሆነው ታዩኝ፤ የልጁ አባትና እናት ራሳቸው ዘመዳሞች ቢሆኑስ? የልጅ ልጆቼ በሽተኛ ሆነው ቢወለዱስ? ለሰው የነገርሁት ጭንቀት ይህ ነበር። ያልነገርሁት ከዚህ ይብሳል። ሰው ሁሉ ዘመድ በሆነበት መንገድ ላይ የእኔ ልጅ ብቻዋን ባዳ ልትሆን ነው። በረዶው በሩን የዘጋባት ቀን፣ ያመማት ቀን፣ ምኔ ናት ብሎ ማን ይደርስላታል?

ቶሮንቶ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ፣ ሻይ በምንጠጣበት ቤት፣ ለአንድ የቆየ ጓደኛዬ ነገርሁት። ሳቀብኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ የምትድረው ልጅህን ነው ወይስ ካርታህን?»

«ዘሩን ሳላውቅ ልስጥ?»

«ዘሩንማ ቀለም ቀብተህ ጨረስኸው! ለመሆኑ ልጁን አይተኸዋል?»

«ገና ነው።»

«አበስኩ ገበርኩ!» ብሎ አስተናጋጇን ጠራት። «ለእኚህ ሰውዬ ሻዩን አቅጥኚላቸው፣ እንቅልፍ የላቸውም።»

በመጨረሻ ለልጄ ቁርጡን ነገርኋት። በእኔ ቤት ልጅ በስልክ አትጠየቅም፤ ሽማግሌ ይላኩ። «አባዬ ፕሊስ፣ ኢምባራስ እንዳታደርገኝ» አለች፤ ግን ነገረቻቸው። አንድ እሑድ መጡ። የልጁ አባት፣ አጎቱና አያቱ። ሴት ሽማግሌ ሆና ስትመጣ አይቼ አላውቅም። ልጄ ሥርዓቱን አስጠንታቸው ኖሮ «ተቀመጡ» እስክላቸው በር ላይ ቆመው ቀሩ፤ አባትየው ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ተማሪ። ይህ ልቤን ትንሽ አለሰለሰው።

ካርታዬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ነበር የጠበቅኋቸው። አባትየው ጎንበስ ብሎ አየና «ይህን የሠራው ማን ነው?» አለ። «እኔ ነኝ» አልሁ። እውነቱን ለመናገር ኮራሁ። ኩራቱም ሳይሆን አይቀርም አፌን የከፈተው።

«እርስዎና ባለቤትዎ በስንተኛ ቤት ትዛመዳላችሁ?» አልሁት።

የሰውየው አንገት ከታች ወደ ላይ ቀላ። አጎትየው መስኮቱን ማየት ጀመረ። ልጄን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ ትንፋሿን ብቻ ሰማሁት። የልጄን ትዳር በአንድ ጥያቄ አፈረስሁት አልሁ በልቤ።

አያትየው መነጽሯን አውጥታ አጠለቀች። ጣቷን በካርታው መንገድ ላይ ጎትታ አንድ ቦታ ላይ አቆመች።

«ይህ የእኔ ቤት ነው» አለች። «ሰማያዊ ቀብተኸዋል።»

«አዎን። ስኮቶች ናችሁ።»

«ባሌ ነበር ስኮት። እኔ ጀርመን ነኝ፤ ከደቡብ ነው ያገባኝ። የዚህ ሚስት» ብላ በአገጯ አባትየውን አሳየች፣ «አይሪሽ ናት። የማዶዋ ጎረቤታችን ከሆላንድ ነው የመጣችው። ሰማያዊህ ወንዶቹን ነው። እኛን የት አደረስኸን?»

አጎትየው ድንገት በሳቅ ፈነዳ፤ አባትየውም ተከተለው። እኔ አልሳቅሁም። በዚህ አገር ሴት የባሏን ስም እንደምትይዝ አላውቅም ነበር አልልም፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ያደግሁት ሴት የአባቷን ስም ይዛ በምትቀበርበት አገር ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ አንድ ስም ሳነብ ቤቱን በሙሉ ያነበብሁ ይመስለኝ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት፣ በየመቃብሩ ምሳዬን እየበላሁ፣ ግማሹን ሰው አላየሁትም። ቢሆንም የወንዶቹ ካርታ አንድም ስህተት የለበትም፤ አጎትየው ራሱ መስክሯል።

ያኔ እውነተኛው ጥያቄዬ ወጣ።

«እርስዎ ወደ መንገዱ በሙሽርነት ሲመጡ ተቀበሉዎት?»

አያትየው ሻይዋን አማሰለች።

«ክፉ ያደረገኝ የለም። ግን ዛሬም ‹የደቡቧ› ይሉኛል። ባሌ የሞተ ጊዜ መንገዱ በሙሉ ምግብ ይዞ መጣ። እስከዚያ ድረስ እንግዳ ነበርሁ።» ከዚያ፣ ያለ ምንም ቅሬታ፣ «የአባቴ ስም በዚያ መንገድ ላይ የትም አልተጻፈም» አለች።

የልጄ የአባት ስም የእኔ ስም ነው።

መርቄ ሰጠሁ። ምን ላድርግ? ሴትዮዋ ዋሽታ ብታጽናናኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር። ሲሄዱ ልጄን ወደ ጓዳ ጠርቼ ስሟን እንዳትለውጥ ስነግራት፣ «አባዬ፣ መቼ ልለውጥ አልኩ?» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። እኔ ግን አላመንሁም፤ መንገዱ ይለውጣታል ብዬ ፈራሁ።

በተጋቡ በመጀመሪያው መከር ልጠይቃቸው ሄድሁ። ገና ከመኪናዬ ሳልወርድ ያየሁት ሳጥኑን ነው። ያው የድሮው ስም፣ አንድ ብቻ። ምሳ ቀረበ፤ ሳህኔን ገፋ አደረግሁት። አማቼ «አባባ» ማለት ተምሯል፣ ሌላ አማርኛ የለውም። ምን ሆነሃል ሲለኝ ነገርሁት። ወረቀት ላይ ስሟ ያው ነው፣ ሳጥኑን ማንም አላሰበውም አለኝ። ቀጥሎ «ቀለሙ ጋራዥ ውስጥ ነው» አለ።

ራሴ ጻፍሁት። የእጅ ጽሑፌ ዩኒቨርሲቲ ከገቡት ያምራል። ከእነርሱ ስም ሥር፣ በእኩል ቁመት፣ የልጄን ስምና የእኔን። ስጽፍ አንድ ሽማግሌ ፒክአፑን አቁሞ መስኮቱን አወረደ።

«የማን ነው ስሙ?»

«የእኔ። አባቷ ነኝ።»

ሊያነበው ሞከረና ሰባበረው። አረምሁት። ደግሞ ሰበረው፤ ደግሜ አረምሁት። አስተካክሎ እስኪጠራው አልለቀቅሁትም። እጁን አንስቶ ሄደ። ወዶኝ ይሁን ተገርሞብኝ ዛሬም አላውቅም።

ጭንቀቴ ያን ቀን ያበቃ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን በዚያ አገር በረዶ ጠራጊው መኪና ሲያልፍ የሚገፋው በረዶ የፖስታ ሳጥን ይጥላል። በረዶ በጣለ ቁጥር ጠዋት እደውላለሁ።

«ሳጥኑ ቆሟል?»

«አባዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ። ቆሟል።»

«ወጥተሽ አየሽው?»

ስልኩን ትዘጋብኛለች። አንድ የካቲት ግን ራሷ ደወለች። «አባዬ፣ ትናንት በረዶው ሳጥኑን ጥሎት ነበር።»

«እና ምን አደረጋችሁ?» አልሁ።

«ጠዋት ስወጣ ወድቆ አየሁት፤ ስለረፈደብኝ ትቼው ሄድኩ። እሱም አልነበረም፣ እንጨት ሊያመጣ ሄዶ ከእኔ በኋላ ነው የተመለሰው። ማታ ስመለስ ቆሟል። አዲስ እንጨት ላይ።»

«ማን አቆመው?»

«አላውቅም። ጎረቤት ይሆናል። ማንም አልነገረንም።»

«ስሙስ?»

«በረዶውን ጠርገውለታል። ወደ መንገዱ ዞሯል።»

በማግስቱ ደግሞ በረዶ ጣለ፤ ደወልሁ።