የፊተኛው ምሰሶ ገመድ

ትመጣለች። ደብዳቤዋ ማክሰኞ ከሞጣ በመጣው መኪና ደረሰኝ። ከፖስታ ቤቱ ደጃፍ እስከ ትምህርት ቤታችን ሮጬ ነው መሰለኝ የሄድኩት፣ በየት በኩል እንዳለፍኩ አላስታውስም። ለሦስት ዓመት ስሟ ሲነሳ ጆሮዬን የሚያቃጥለኝ ልጅ ወደ ቢቸና ልትመጣ ነው ሲባል እንዲህ ደስ ይልሻል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር፣ ውሸታም ብዬ ጥዬው እሄድ ነበር።

የእጅ ሥራ ክፍሉን ቁልፍ ከዘበኛው ተቀብዬ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ቀድሞ የመጣው ሽታው ነው፤ የሰም፣ የአሮጌ እንጨትና የአቧራ። ከዚያ እሷ፣ ከእንጨት የተሠራችው ትንሿ መርከብ። ከክንዴ ትንሽ ትረዝማለች። ሦስት ምሰሶ አላት፤ በሁለቱም ጎኗ የመድፍ ቀዳዳዎች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። በመስኮቱ የገባው ብርሃን በገመዶቿ መሃል ሾልኮ ግድግዳው ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጥላ ጣለ። ያንን ጥላ እያየሁ መልሼ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሆንኩ።

ያኔ የእጅ ሥራ የሚያስተምሩን መምህር በወጣትነታቸው ምጽዋ ከመርከበኞች ጋር የሠሩ ሰው ነበሩ። ሲራመዱ እግራቸውን ከፈት ያደርጉ ነበር፤ ልጆቹ መሬቱ እንዳይወዛወዝባቸው ነው እያሉ ይስቁባቸዋል። አንድ ቀን በካርቶን የታሸገ ነገር ይዘው ገቡና ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። ድሮ፣ መርከብ በነፋስ በሚሄድበት ዘመን፣ የተዋጋች የአንዲት የጦር መርከብ ትንሽ አምሳያ ነበረች። እንጨቷ ተገጣጥሞ አልቋል። አብሯት የመጣውን ክር ግን መንገድ ላይ አይጥ በልቶታል። ማናችንም ባሕር አይተን አናውቅም። ትልቅ ውሃ ብንባል የምናውቀው ዓባይን ነው፤ እሱንም ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆነን።

«መርከብ ቀጥ ብሎ የሚቆመው በእንጨቱ እንዳይመስላችሁ» አሉን መምህራችን። «በገመዱ ነው። ገመድ የሌለው ምሰሶ የመጀመሪያው ነፋስ ይጥለዋል።»

ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ይሄ ሁሉ ገመድ እንዳትሸሽ ነው ወይስ እንዳትወድቅ?» ብሎ ክፍሉን አሳቀው።

«ሁለቱም» አሉ እሳቸውም ስቀው። ከዚያ ቀጭን ክር ማን ማምጣት እንደሚችል ጠየቁ።

እጄን አነሳሁ። አባቴ ሸማኔ ነው፤ እናቴ ደግሞ ፈታይ ናት፣ የእሷን ድር የሚያክል ቀጭን ፈትል በከተማው የለም ይባልላት ነበር። እኔም ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ እንዝርት አሽከርክሬያለሁ። ክፍል ውስጥ ግን ይህ የሚያኮራ ነገር አልነበረም። እጄን ሳነሳ አንዱ ቀስ ብሎ «ቁጢት በጣሽ» አለ፤ የሸማኔ ልጆች የምንሰደብባት ስድብ ናት። ሰማሁት፣ እጄን ግን አላወረድኩም። በማግስቱ አንድ ልቃቂት ይዤ መጣሁ። መምህራችን ክሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው ለረጅም ጊዜ አዩትና «ይሄን ያህል የሚቀጥን ምጽዋም አላየሁ» አሉ። ያን ቀን ምሳ ሳልበላ ጠግቤ ዋልኩ።

ታዲያ መርከቢቱን የምቋጥረው እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ክሩ የኔ፣ መርከቢቱም የኔ። ከዚህም በላይ፣ መርከቢቱ ስታልቅ የቢቸናና የሞጣ አውራጃ ትምህርት ቤቶች ሞጣ ላይ ለሚያሳዩት የእጅ ሥራ ትርዒት እንደምትሄድና የቋጠረቻት ልጅም አብራት እንደምትሄድ ተነግሮን ነበር። እኔ ከቢቸና ወጥቼ አላውቅም ነበር።

መምህራችን ግን ፈተና ሰጡን። ከመጥረጊያ የተነቀለ ስንደዶ ላይ በወረንጦ ክር መቋጠር ነበር፣ ያው በቤታችን እሾህ በምናወጣበት ወረንጦ። ተራዬ ሲደርስ ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ ክሩን ከልክ በላይ ሳብኩት፣ ስንደዶው ተሰበረ። ከኔ ቀጥላ የተነሳችው የፖስታ ቤት ሹሙ ልጅ ነበረች። አባቷ ከወሎ ተዛውረው ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ቀይ ሹራብ ነበራት፤ ጥፍሮቿ ሁልጊዜ ንጹሕ። በከንፈሯ እያንጎራጎረች ቋጠረችው፣ ጫፉን በጥርሷ ቆረጠችው፣ አለቀ።

«ጎሽ» አሉ መምህራችን። «አንቺ ትቋጥሪያለሽ።» ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «አንቺ ክሩን ታቀርቢያለሽ።»

ያ ጎሽ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከትምህርት ሰዓት ውጭ እንቀመጥ ነበር፤ እኔ ከበሩ አጠገብ ሆኜ ክሩን በሰም አሻለሁ፣ እሷ ከመስኮቱ ሥር ትቋጥራለች። ከኋለኛው ምሰሶ ጀመረች። መርከበኞች የሚወጡባቸውን የገመድ መሰላሎች እርከን በእርከን ስትቋጥር፣ እርከኖቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስሉ ነበር። በአንድ ከሰዓት ውስጥ አሥራ አንድ ጎሽ ቆጠርኩላት። ለኔ የሚባለው «አመጣሽ?» ነው፤ አምጥቻለሁ ስል «አስቀምጪው» ይባላል። ማታ ቤት ገብቼ ጥፍሮቼን በአመድ አሻቸዋለሁ፤ ጠዋት ሰሙ ተመልሶ ገብቶባቸው አገኘዋለሁ። እንደ እሷ ለማንጎራጎርም ሞክሬያለሁ፤ እናቴ «ምን ሆነሻል፣ ጉሮሮሽን ያምሻል?» አለችኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እስካሁን ከአንድ ደብዳቤ በቀር ለሰው ስላልነገርኩት እዚህ ጋ ብዕሬ ይጎተታል።

በሸማኔ ቤት አንድ ነገር አለ፦ ፈትል ሳይጠጣ ሥራ ላይ አይውልም። አዲስ የተፈተለ ክር ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ከዚያ ጓሮ በሁለት ችካል መሃል ተወጥሮ በፀሐይ ይደርቃል። ይህ ካልሆነ ኋላ እርጥበት ሲያገኘው ያጥራል፤ የያዘውንም ይስባል። ለኋለኛውና ለመካከለኛው ምሰሶ ያመጣሁትን ክር ሁሉ እንዲሁ አጠጥቼ፣ ወጥሬ፣ አድርቄ ነበር። የፊተኛው ምሰሶ ላይ ስንደርስ ግን መምህራችን ትርዒቱ ደርሷል ብለው ቸኮሉና «ለነገ አምጪ» አሉኝ። ሌት ፈተልኩት፤ ለማጠጣት ጊዜ አልነበረም። ጠዋት ስወጣ እናቴ «አጠጥተሽዋል?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት።

መንገድ ላይ ግን ሐሳቤን ለወጥኩ። እነግራቸዋለሁ፣ አንድ ቀን ይታገሡኝ እላለሁ ብዬ ቆረጥኩ። በእውነት ቆርጬ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ የፖስታ ቤት ሹሙ ልጅ ቀና ብላ «ፈታይዋ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ» አለች። ለክፋት አልነበረም፤ ድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ልጆቹ ግን ሳቁ፣ መምህራችንም ፈገግ አሉ። ልናገረው የነበረውን ዋጥኩት። ልቃቂቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቦታዬ ሄድኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ያንን ክር ስትቋጥረው አየኋት። ሰም እያሸሁ ዝናብ ይምጣ ብዬ አልጸለይኩም፤ አይምጣ ብዬም አልጸለይኩም።

ረቡዕ ከሰዓት መጣ። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አደረ፤ ክፍሉ ደግሞ ጣሪያው ያፈስስ ነበር። ሐሙስ ጠዋት የፊተኛው ምሰሶ ቀስት ሆኖ ወደ ኋላ ጎብጦ፣ ከወገቡ ተሰንጥቆ አገኘነው። ሌሎቹ ሁለቱ ምንም አልሆኑም።

መምህራችን አልተቆጡም። ስንጥቁን በጣታቸው ዳሰሱና «በጣም ተወጥሮ ነበር» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ።

«እኔ ነኝ» አለች እሷ። «የመጨረሻውን ገመድ ስስብ ጠበቅ አድርጌው ነበር። እኔ ነኝ፣ መምህር።» በሹራቧ እጅጌ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። መናገር ያለብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። አልተናገርኩም። መምህራችንም ወረንጦውን ከጠረጴዛው አንስተው ለኔ ሰጡኝ።

አዲሱን ምሰሶ ከወይራ ጠረቡ፤ እኔ በሚገባ አጠጥቼ ባደረቅሁት ክር በዘጠኝ ቀን ቋጠርኩት። ጎሽም ተባልኩ፤ ስንቴ እንደሆነ ግን አልቆጠርኩም። እሷ ሁለተኛ ወደ ክፍሉ አልመጣችም። የኋለኛውንና የመካከለኛውን ምሰሶ ቋጠሮዎች ከኔው ጎን ለጎን ሳያቸው የእሷ እንደሚበልጡ አውቅ ነበር። ያም አናደደኝ፤ ካሸነፍኳት በኋላ እንኳ።

ሞጣ በጭነት መኪና ሄድን። መርከቢቱን በጭድ በተሞላ ሣጥን ውስጥ አድርገን ጭኔ ላይ ይዣት፣ ደብረ ወርቅን አልፈን፣ ሁለት ጊዜ ጭቃ ይዞን። በትርዒቱ ላይ ሰው ተጋፍቶ አያት። አንድ ትልቅ ሰው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጎንበስ አሉና «ይህን ማን ቋጠረው?» ብለው ጠየቁ።

«እሷ ናት» አሉ መምህራችን እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው። አስከትለውም «ሌላም አለች፣ ቀርታለች» አሉ።

ተጨበጨበልኝ። ብዕር ተሸለምኩ። ከቢቸና ወጥቼ፣ ሞጣን አይቼ፣ በሰው ፊት ቆሜ፣ የተመኘሁት ሁሉ ደርሶልኝ ነበር። ከሁሉም በልጦ ትዝ የሚለኝ ግን ሰዎቹ ወደ ኋለኛው ምሰሶ ጣታቸውን ሲቀስሩ የተሰማኝ ነው። በየተራ «ይሄ መሰላል ግን» ይሉ ነበር።

ስመለስ በፖስታ ቤቱ መስኮት አየኋት፤ አባቷን ደብዳቤ በመለየት ታግዝ ነበር። «ሞጣ ምን ይመስላል?» አለችኝ።

«ጭቃ ነው» አልኳት።

ክረምቱ ሳይወጣ አባቷ ተዛወሩ፤ እዚያው ሞጣ። መምህራችንም በዓመቱ ሌላ ቦታ ተመደቡ። መርከቢቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀረች።

ዘንድሮ የአማርኛ መምህራችን ለምናውቀው ሰው ደብዳቤ እንድንጽፍ አዘዙን። ምን እንዳደረገኝ አላውቅም፣ ለእሷ ጻፍኩ። ያልጠጣውን ክር፣ ለእናቴ ያልኩትን ውሸት፣ በሩ ላይ የዋጥኩትን ቃል ሁሉ። የአማርኛ መምህራችን ሲመልሱልኝ ምንም አላረሙበትም፤ ከሥሩ «ላኪው» ብለው ብቻ ጻፉ። ላክሁት። ለመመለስ አንድ ወር ቆየች።

መልሷ አጭር ነው። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ ተቀይሜሻለሁም አላለችም። እንዲህ ትላለች፦ «ምሰሶው በኔ ጉልበት የተሰበረ መስሎኝ ከዚያ ወዲህ ክር ጠበቅ አድርጌ አልስብም። ቁልፍ እንኳ ስሰፋ። ቁልፎቼ በሙሉ ይረግፋሉ፤ እናቴ እስካሁን ትስቅብኛለች።»

እዚህ ላይ ስደርስ እኔ አልሳቅሁም። ሮጥኩ ያልኳችሁ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ካነበብኩ በኋላ ነው። ለወላጆች ቀን እመጣለሁ ትላለች። የፊተኛውን ምሰሶ ገመድ ፈትታ ራሷ እንደገና ልትቋጥረው ትፈልጋለች። ዘጠኝ ቀን የደከምኩበት ነው። እውነቱን ልናገር፣ የድሮዋ ልጅ በውስጤ ለአፍታ ብድግ ብላ «የኔን?» አለች። እናቴ ዘንድ ሄጄ የምፈትለው ባዘቶ ጥጥ ለመንኳት። ክሩ ከትናንት ጀምሮ ውሃ ውስጥ ነው።

በደብዳቤዋ መጨረሻ «ብቻሽን እንዳትጠብቂኝ፣ ሌሎቹንም ጥሪልኝ፤ ሥራው ለሁሉም ይበቃል» ብላለች። እንግዲህ ይህን የምታነቡ የትምህርት ቤታችን ልጆች፣ ጠርቻችኋለሁ። የወላጆች ቀን በሚውልበት ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ በእጅ ሥራ ክፍሉ ውስጥ ነን። መሰላሎቹ ላልተዋል፣ ሸራዎቹም መስፋት ይፈልጋሉ፤ ሴት ወንድ ሳትሉ ኑና ከየት እንደምትጀምሩ ራሳችሁ ምረጡ። የፊተኛውን ምሰሶ ግን ለእሷ ተዉላት።